ከስንብቱ በኋላ የቀረው ድምፅ

ባለፈው እሁድ ልጄ ሰሚራ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ስልኳን በአውራ ጣቷ ስትነካካ አየኋት። ምን እየሠራሽ ነው ስላት፣ ስልኩ ሞልቶ አልሠራም ስላላት የድምፅ መልእክቶች እያጠፋች እንደሆነ ነገረችኝ። የአክስቷን፣ የጓደኞቿን፣ የእኔንም ጭምር። ሰምተሻቸዋል ወይ አልኳት። «ያው ሰላምታ ነው እኮ እማዬ» አለችኝ፤ ጣቷም አልቆመም። ልቆጣት አፌን ከከፈትኩ በኋላ ተውኩት። የድምፅ ነገር ሲነሳ እኔ ትንሽ እንደማበዛው ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱን ግን አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አጫውቻቸው አላውቅም።

ከወሎ ወደ አሶሳ በሰፈራ ስንመጣ እኔ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይባላል፤ ወሎ ለእኔ ከእናቴ እንባ በቀር ምንም አልነበረም። እናቴ ግን እናቷንና ወንድሞቿን ትታ ነው የመጣችው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ወዲያ ያሉትም እንደዚያው ናቸው። ስለዚህ እንደ መንደራችን ብዙ ሰው በካሴት ትላላክ ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ካሴቱ አንድ ብቻ ነው። አያቴ እዚያ ተናግራበት በጭነት መኪና ሹፌር ትልከዋለች። እኛ ሰምተን ስናበቃ መልሳችንን እዚያው፣ በእሷ ድምፅ ላይ ቀድተን በመጣበት መንገድ እንመልሰዋለን። የኋላ ገጹን አትጠይቁኝ፤ እሱ የአባቴ ዘመዶች ድርሻ ነው፣ ማንም አይነካውም። ቴፑም የእኛ አልነበረም። አሶሳ ገበያ ዳር ልብስ የሚሰፋው የኻሊፋ ነበር። ኻሊፋ የበርታ ሰው ነው፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የሚል፣ መርፌ ጥርሱ መሃል ይዞ የሚስቅ። ምንም አያስከፍለንም፤ እኛም ይሉኝታ ይዞን የባትሪ ድንጋዩ ቶሎ እንዳያልቅበት እንጠነቀቅለት ነበር። ተናጋሪው «በሉ ደህና ሁኑ» ሲል ቴፑ ወዲያው ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ሰምቶት አያውቅም።

አሥራ አራት ዓመት በሞላኝ ዓመት አያቴ ሞተች፤ መርዶው በሰው መጣ። እናቴ ያለቀሰችው ለሞቷ ብቻ አልነበረም። ከጥቂት ወራት በፊት አያቴ የካሴቱን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ሞልታ ልካልን ነበር፤ እናቴም እንደ ልማዷ መልሷን ቀድታበት መልሳለች። «ድምፅዋን በገዛ አፌ አጠፋሁት» እያለች ሌሊት ከቀን ትብሰለሰላለች። ጎረቤት «ተይ፣ እንዲህ አይባልም» ቢላትም አልሰማ አለች።

ግንቦት ላይ ካሴቱ የአጎቴን የይማምን መልእክት ይዞ ተመለሰ። እናቴና እኔ በገበያ ቀን ተነሳን። ከመንደራችን እስከ አሶሳ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ቀዩ አፈር በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ርሶ ጫማ ላይ ይለጠፋል፤ የመንገዱ ዳር የወደቀ ማንጎ ይሸታል። አንዱን አንስቼ በጥርሴ እየላጥኩ ተከተልኳት። ያ ወፍ ለምን ብቻውን ሄደ፣ ይህ ዛፍ ለምን ዘመመ፣ ሹፌሩ ሚስት አለው ወይ፤ መጠየቅ ለእኔ እንደ መተንፈስ ነበር። ዛሬ ልጅ እንዲህ ሲጠይቅ ብልህ ነው ይባላል፤ በእኛ ጊዜ ለፍላፊ ነበር የሚባለው። እናቴም «አንቺ ልጅ፣ ምላስሽ አይደክመውም ወይ» እያለች አደረሰችኝ።

ኻሊፋ ቀዩን የአበባ ሻይ፣ ከርከዴ፣ ቀድቶልን ካሴቱን ከተተ። አጎቴ እናቴን አጽናናት፣ የሰደቃውን ነገር ነገራት፣ ስለ ከብቱ አወራና «በሉ ደህና ሁኑ» አለ። ኻሊፋ ሊዘጋው እጁን ዘረጋ።

«ጋሼ ኻሊፋ፣ ትንሽ ይቆይ» አልኩት።

ሰው ሳይናገርበት ካሴት ምን ይላል የሚለው ነገር ድንገት ከነከነኝ፣ በቃ። እናቴ የሰው ድንጋይ አትጨርሺ ብላ ገላመጠችኝ። ኻሊፋ ግን ፈገግ ብሎ እጁን ሰበሰበ።

ጥቂት ከተንሿሿ በኋላ ሴት ማውራት ጀመረች። እናቴ ነበረች። አጎቴ ከእሷ ያነሰ ስለተናገረ፣ ያለፈው መልሷ መጨረሻ ሳይጠፋ ቀርቷል። የራሷን ድምፅ ሰምታ ስለማታውቅ በነጠላዋ አፏን ሸፍና አፈረች፤ እኔም ሳቄ መጣ። እሷም ተሰናበተችና ካሴቱ ቀጭ አለ። ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዓረፍተ ነገር መሃል ጀምሮ መጣ።

«… ማንጎ ያልሽው ነገር ግን አልገባኝም። እንደ ኮክ ነው? ልጣጩስ ይበላል? ንገሪኝ እስቲ ልጄ፤ እዚህ ሰው ሁሉ ጠይቂልን እያለኝ ነው።»

አያቴ ነበረች። የእናቴ መልስ ከእሷ መልእክት ያጠረ ነበርና ጫፉ ተርፏል። ቴፑን በስንብቱ ላይ ስለምንዘጋ እዚያ መኖሩን ማን ይወቅ። እናቴ ከበርጩማው ተንሸራትታ መሬት ላይ ተቀመጠች። በመልሷ ስለ ጤናውም ስለ አዝመራውም ተናግራ ይህችን ጥያቄ ዘንግታት ኖሯል። ቴፑ ላይ ጎንበስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማት ያህል ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«አይበላም፣ እማ። ይላጣል። ውስጡ ነው የሚበላው።»

እኔም አለቀስኩ። ኻሊፋ ፊቱን ወደ ስፌት መኪናው አዞረ። አያቴ ስለ ጎረቤት ሰርግ፣ ስለ ጠፋ በግ ስታወራ ቆይታ ካሴቱ በራሱ ቆመ።

ችግሩ ከዚያ መጣ። ሹፌሩ በማግስቱ ይመለሳል። መልስ ካልሄደ እነ ይማም ምን ሆነው ነው ብለው ይጨነቃሉ፤ የሚቀዳው ደግሞ እዚሁ ካሴት ላይ ነው። እናቴ ካሴቱን ደረቷ ላይ ይዛ አንዴ እኔን፣ አንዴ ኻሊፋን ታያለች። አሳጥሬ ልናገር፣ ጫፉን አልነካውም፣ አለች በመጨረሻ። እጇ ግን አልለቀቀውም።

ኻሊፋ ካሴቱን ቀስ ብሎ ተቀበላትና ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ጥርስ በመቀሱ ጫፍ ሰበራት። እሷ ከተሰበረች ቴፑ አይቀዳበትም። «እናት ነው ይሄ። ሐራም ነው፤ በላዩ ሰው አይናገርም» አለ። ከዚያ ከመደርደሪያው የራሱን ካሴት አወረደ። የመንደሩ ሰዎች በመከር ጊዜ የቅል መለከት ሲነፉ ራሱ የቀዳው ነው፤ እየሰፋ ዘወትር የሚሰማው። እናቴ አይሆንም፣ አልወስድም ብላ እጇን አጠፈች።

«ውሰድ» አላት። «መለከት መከር ሲመጣ ደግሞ ይነፋል። እናትህ ግን አይመጣም።»

እናቴ የዚያን ቀን ለይማም ከተናገረችው ግማሹ ስለ ማንጎ ነበር። አላላጡን ሳይቀር አስረዳችው።

ሰሚራ ስልኳን አጽድታ ከጨረሰች በኋላ ይህን ሁሉ አጫወትኳት። አልገሠጽኳትም፤ የሰው ልጅ ድምፅ ሁሉ ይቀመጥ ቢባል ማን ጊዜ አግኝቶ ይሰማዋል። እኔ ራሴስ ብሆን፣ ሰባዎቹን ያጋመሰች እናቴ ከጓዳው ወዲያ ተኝታ፣ ስለ ራሷ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የጠየቅኳት? መድኃኒትሽን ዋጥሽ ወይ ከማለት በቀር ጥያቄ ካቆምኩ ዓመታት አልፈዋል። ያች ለፍላፊ ልጅ የት እንደገባች እንጃ። አዘንኩ፤ ደግሞም ጊዜ አለኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ተነስቼ ስልኬን ይዤ ገባሁ፤ አንድ ነገር ተናገሪ፣ ልቅዳሽ አልኳት።

«ዝም ብሎ ምን ይወራል?» አለችኝ። «ጠይቂኝ እንጂ።»

ትንሽ አሰብኩና፣ ከወሎ ስንመጣ መኪናው ላይ ከአጠገብሽ ማን ተቀምጦ ነበር አልኳት።

ዓይኗ በራ። «እስከ ዛሬ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም» አለችና ትራሱን ከኋላዋ አስተካክላ ቀና ብላ ተቀመጠች።