የአባቴ ሁለተኛ ምርመራ

አባቴ ኮልፌ አስራ ስምንት ማዞሪያ ላይ ጎሚስታ ነው። ደረቱን ባመመው ቁጥር «ጨጓራዬ ነው» ይልና ወተት ጠጥቶ ወደ ጎማው ይመለሳል።

አንድ ረፋድ ላይ ጎረቤቱ ባለሱቅ ደወለልኝ። ስደርስ አባቴ ጎማ ላይ ተቀምጧል፤ ግንባሩ በላብ ርሷል።

«ጨጓራ ነው። የትናንቱ ሽሮ በርበሬ በዝቶበት ነበር» አለኝ።

«እሱን ሐኪም ይንገረን» ብዬ ኮንትራት ታክሲ ይዤ ቤቴል ወዳለ ክሊኒክ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ከክንዱ ትንሽ ደም ቀዳችና ጠረጴዛዋ ላይ ባለች አነስተኛ ማሽን ውስጥ ጠብ አደረገችው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ነገር አለ፤ ማሽኗ እሱን ነው የምትለካው አለችን። ብዙም ሳንቆይ ውጤቱ ወጣ። ደህና ነው።

አባቴ ኮቱን አነሳ። «አላልኩሽም?»

«አባት፣ ይሄ ነገር ደም ውስጥ እስኪታይ ጊዜ ይወስዳል» አለችው ሐኪሟ። «ሕመሙ ገና አሁን ነው የጀመረዎት። ቆይቼ እደግመዋለሁ፤ እስከዚያ እዚሁ ይተኙ።»

«ሰው ጎማውን ትቶልኝ ሄዷል» ብሎ ወደ በሩ መጣ።

በሩ ላይ ቆምኩ። እሱ ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም።

«አባዬ፣ አትወጣም።»

«ምን አልሽ?»

«አትወጣም። መውጣት ካማረህ ገፍተኸኝ ውጣ።»

ተመልሶ አልጋው ላይ ተኛና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለተኛውም ደህና ከሆነ በከንቱ እንዳዋረድኩት አውቃለሁ። ቢሆንም ከበሩ አልተነቃነቅኩም።

ሁለተኛው ውጤት ሲመጣ ቁጥሩ ከፍ ብሏል። ሐኪሟ አስፕሪን አስዋጠችውና አምቡላንስ ጠራች።

«ጨጓራ አይደለም ማለት ነው?» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

«አይደለም አባት፣ ልብዎ ነው። ግን በጊዜ መጥተዋል።»

ሆስፒታል ሲደርስ የተዘጋውን የደም ሥር በዚያው ቀን ከፈቱለት።

አባቴ አላመሰገነኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ከሆስፒታል ወጥተን ወደ ቤት ስንሄድ ግን፣ መኪና ውስጥ፣ «ሥራ መቼ ነው የምጀምረው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሐኪሞቹ ሲፈቅዱ።»

«እነሱ ብቻ?»

«እኔም ስፈቅድ» አልኩት።

አልተከራከረኝም።