በግራ የጮኸችው ወፍ

ሐሙስ፣ ከጎንደር እስከ አምባ ጊዮርጊስ

ከትንሣኤ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት፣ ሐሙስ ማለዳ፣ አክስቴን ወይዘሮ ድንቄን ይዤ ከጎንደር ወደ ደባርቅ ተነሣሁ። ልጇ አበራሽ ወንድ ልጅ ወልዳ ክርስትናው ለእሑድ ተቆርጧል። አበራሽ ያለ እናቷ ፈቃድ የጭነት ማኪና ሾፌር አግብታ ከሄደች ወዲህ እናትና ልጅ ተያይተው አያውቁም። መልእክቱን ያመጣው ሰው ቃሏን ሳያለዝብ ነገረን፦ «አሁን ካልመጣች ሌላ ጊዜ አልልክባትም።»

ማኪና በግማሽ ቀን የሚጨርሰውን መንገድ እኛ ሦስት ቀን በበቅሎ የምንሄደው አክስቴ የማኪና ስም ሲነሣ ስለማትወድ ነው። ከዚህ በፊትም ሁለት ጊዜ ልጇን ልታይ ተነሥታ ሁለቱንም ጊዜ ከወለቃ ተመልሳለች። የመለሰቻት ወፍ ናት። ባገራችን መንገደኛ ገድ ያያል። ከቁጥቋጦ ውስጥ እንደ ቃጭል የምትጮህ አንዲት ወፍ አለች፤ በቀኝ ከጮኸች መንገዱ ቀና፣ በግራ ከጮኸች ቀረ። አሁን የአክስቴ ጆሮ ስለደከመ ቀኙን ከግራው መለየት ተሳናት። እኔን ያስከተለችኝም ለዚሁ ነው።

«አንቺ የወፍ ነገር ታውቂያለሽ» አለችኝ ገና ከግቢ ሳንወጣ። «በግራ ስትጮህ በግራ በዪኝ። ላባብላት ብለሽ ብትዋሺኝ እዚያው ወርጄ በእግሬ እመለሳለሁ።»

ወፍ አውቃለሁ ማለት ድፍረት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጣልያን ከወጣ በኋላ፣ እኩዮቼ ልጅ ሲያሳድጉ ነው፤ ዛሬ የአንደኛ ክፍል ሴቶች ልጆችን አስተምራለሁ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ማጣራት ይወዳል። ቅዳሜ ቅዳሜ በየደብሩ ዛፍ ሥር ተቀምጬ ድምፅን ከባለቤቱ ጋር አገናኛለሁ። አፏን ስትከፍት ያላየኋትን ወፍ አወቅኋት አልልም። ያቺን ባለቃጭል ግን ገና በወጉ አላየኋትም፤ ከቁጥቋጦዋ አትወጣማ።

ወለቃን ስናልፍ አክስቴ ትንፋሿን ዋጠች። ምንም አልጮኸም። የበቅሎዎቹ ባለቤት አያ ተገኘ ወደ ኋላ ዞሮ፣ «ዛሬስ ወፎቹም ታክቷቸው ተኝተዋል» አለና ሳቀ።

ከዚያ በኋላ ዳገት ነው። ቀጋው ነጭ አበባውን አውጥቷል፤ በየማሳው በሬዎች ለገብስ ያርሳሉ፤ ሌሊት የዘነበው አፈሩን አጥቁሮታል። ከወይራ ላይ ርግብ መሳይዋ ዋኔ እያከታተለች ስትጮህ አክስቴ ድምፁ ትንሽ ደረሳት።

«ሰማሻት? ‹አንቺ ሴት፣ ወዴት ነሽ፤ አንቺ ሴት፣ ወዴት ነሽ› ትለኛለች።»

«እትዬ፣ ዋኔ ለሁሉም ሰው እንደዚያ ናት።»

«ለሾፌር ሚስት ግን አትልም» አለችና ፊቷን አዞረች።

ኮሶዬ ስንደርስ ገደሉ አፋፍ ላይ ወርደን በሶ በጠበጥን። ከሥራችን ቆላው እስከ ዓይን ዳር ሰማያዊ ሆኖ ተዘርግቷል። ወዲያው ባለቃጭሏ ከበስተኋላችን ጮኸች። ደንግጬ አክስቴን አየኋት።

«ቁጭ ያለ ሰው ገድ የለውም» አለች በሶዋን እየተጎነጨች። «ሂጂ፣ እያት።»

ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። እግሬ እስኪደነዝዝ ቆየሁ። በመጨረሻ ወጣች፤ ጀርባዋ ጥቁር፣ ደረቷ ነጭ፣ ነጩ ላይ ትንሽ ቀላ ያለ ነገር አለ። ድምፅዋን ለይቼ አውቃለሁ፤ መጀመሪያ የቃጭል ድምፅ፣ ተከትሎ እንደ መጋዝ ያለ ሻካራ ድምፅ። አፏን ከፈተች፤ ቃጭሉ ወጣ። አፏን ዘጋች፤ መጋዙም ወጣ። ከሷ ግን አይደለም። ከማዶ ካለው ቁጥቋጦ ሌላይቱ ናት። አንዷ ስትጀምር ሌላይቱ ትንፋሽ ሳታስገባ ትቀበላታለች፤ መጋጠሚያው አይታወቅም። ስንት ዓመት አንድ ወፍ ናት ስል ኖሬያለሁ!

አንድ ጊዜ ያዩት ነገር አይበቃምና ለማንም ሳልናገር ያዝኩት። አምባ ጊዮርጊስ የገባነው ብርዱ ከመሬት ሲነሣ ነው። የአክስቴ የሩቅ ዘመድ የሆኑ ቄስ አሳደሩን፤ ጾም የለምና ትኩስ ወተት አቀረቡልን።

ዓርብ፣ ዳባት

ማለዳ ከአምባ ጊዮርጊስ ሳንነሣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ወፎቹን እንደገና አየኋቸው፤ እውነትም ሁለት ናቸው። ልቤ አረፈ።

መንገዱ ሜዳ ሆነልን። ሁለት የጭነት ማኪናዎች አቧራቸውን ጥለውብን አለፉ፤ አክስቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና ለሁለቱም እርግማን አካፈለቻቸው። ዳባት ከአንዲት ጠላ ሻጭ ቤት አደርን፤ ለበቅሎዎቹ ድርቆሽ በስሙኒ ገዛን።

«ወዴት ናችሁ?» አለችን ጠላ ሻጯ እየቀዳች።

«ደባርቅ ገበያ» አለች አክስቴ ፈጠን ብላ።

«ገበያ» አለ አያ ተገኘ፣ «አዎ። የልጅ ልጅ ልንሸምት።»

አክስቴ በዓይኗ ወጋችው። እኔም ዓይኔን ጠላው ላይ ጣልኩ። እናቴ በልጅነቴ ስትሞት ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ እስከ ዛሬም አንድ ቤት ነን። ደባርቅ ከገባች እንደምትቀር ይገባኛል። ከመንገድ ብትመለስ ለቤቴ ሸጋ ነበር።

ቅዳሜ፣ ደባርቅ አፋፍ

ከሰዓት በኋላ የደባርቅ ጭስ መታየት ሲጀምር ወደ አንዲት ትንሽ ወንዝ ወረድን። ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ ነው። ቃጭሉ ጮኸ። አክስቴ ከጆሮዋ ይልቅ ፊቴን ሰማች መሰለኝ፤ ልጓሟን ያዘች።

«በየት ናት?»

«በግራ።»

ቀለሟ ተለወጠ። «አያ ተገኘ፣ አዙራት።»

«ምነው ወይዘሮ ድንቄ! ጭሱ እየታየ? በቅሎዪቱ ራሷ ትታዘበናለች።»

«አዙራት አልኩህ!»

«እትዬ፣ አልጨረስኩም» አልኩ። «ቃጭሉ በግራ ነው። መልሱ ግን በቀኝ ነው። ወፎቹ ሁለት ናቸው።»

«ልታባብዪኝ ነው።»

«ውረጂና በዓይንሽ እዪ።»

ዓይኗ እንደ ጭላት ነው። ወርዳ አጠገቤ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ቆየን። በግራ ያለችው ጫፍ ላይ ወጣችና አፏን ከፈተች፤ ወዲያው በቀኝ ካለው ቁጥቋጦ ጥቁርና ነጭ ነገር ራሱን ሰበቀ። በጣቴ አሳየኋት። ደግመው አሉት፤ ደግማ አየች። አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እና ገዱ የትኛዋ ናት?»

«እኔ የማውቅ በቅሎ ነው» አለ አያ ተገኘ። «ግን ሁለት ባላጋራ ቆሞ አንዱን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ምን ይባላል?»

አክስቴ አልሳቀችም። ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠች የነጠላዋን ጥለት ታፍተለትል ጀመር።

«የፈራሁ ወፏን አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «እንዳገባች ሰሞን ሁለት ጊዜ ልካብኝ ነበር። መልስ አልሰጠኋት። ዛሬ ደጇ ቆሜ እሷም ዝም ብትለኝስ?»

ዝም እንደማትላት በምን አውቄ? «እሱን አላውቅም፤ ይህን አውቃለሁ» አልኳት። «ሦስተኛ ጊዜ ልካለች።»

ጥለቱን ለቀቀችና ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። «አምጣት በቅሎዋን። ቁማ ስትበላ ልትውል ነው?»

የአበራሽ ቤት ከመንገዱ ዳር ያለ ባለ ቆርቆሮ ቤት ነው። አክስቴ አጥሩ በር ላይ ቆመች። «ቤቶች!» ብላ ተጣራች፤ ድምፅዋ እኔንም በጭንቅ ደረሰኝ። ከውስጥ ምንም የለም። ደግማ ልትጣራ አፏን ስትከፍት በሩ ተከፈተና አበራሽ ሕፃኑን ታቅፋ ወጣች። ተያዩ።

«መንገዱ ራቀብሽ?» አለች አበራሽ።

«በቅሎዪቱ ናት የጎተተችኝ።»

አበራሽ ቀረበችና ሕፃኑን በእናቷ ክንድ ላይ አኖረችው። ባሏ ካሳ ከጓሮ እጁን እየጠረገ መጥቶ ጎንበስ ብሎ የአክስቴን ጉልበት ሳመ፤ እሷም እጇን ራሱ ላይ አሳርፋ፣ «ተነሥ፤ ናፍጣ ትሸታለህ» አለችው። ምርቃቷ መሆኑ ለሁላችንም ገባን።

እሑድና ሰኞ

ክርስትናው በሰላም አለቀ። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናትና ልጅ ተጣሉ።

«እንዲህ አጥብቀሽ አትጠቅልዪው፤ ትንፋሽ ያጥረዋል» አለች አክስቴ።

«የደባርቅን ብርድ አንቺ ነሽ ወይስ እኔ የማውቀው?»

«አሥር የወለድሽ መሰለሽ!»

«አንቺስ ስንት ወልደሽ ነው?»

ለምሳ ስንቀመጥም አላቆሙም። አያ ተገኘ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እንግዲህ በደኅና ገብተዋል» አለኝ። ከሰዓት በኋላ በቅሎዎቹን እየነዳ ወደ አገሩ ተመለሰ።

አክስቴ ክረምቱ እስኪገባ እቀራለሁ አለች፤ ቆይታ ደግሞ፣ ልጁ ጥርስ እስኪያበቅል። ሰኞ ካሳ በማኪናው ጎንደር አደረሰኝ። ሦስት ቀን የሄድንበት መንገድ በሞተር ጩኸት ውስጥ አለፈ፤ አንድም ወፍ አልሰማሁ።

ጉዞው ያስተማረኝ ይህ ነው፤ ድምፅን ከባለቤቱ ማገናኘት የግማሽ መንገድ ትምህርት ነው። አንዱ ሲያቆም ማን እንደሚቀበል ቆይቶ ማየት ያስፈልጋል። አውቃቸዋለሁ የምላቸውን ወፎች ከቅዳሜ ጀምሬ እንደ አዲስ ልቆጥራቸው ነው።

ቤቴ ደርሼ ሽሮ ሠርቼ በላሁ፤ ዕቃውን አጠብኩ። አክስቴ ሁልጊዜ ከመተኛቷ በፊት፣ «በሩ ተቀርቅሯል?» ትለኛለች፤ ተቀርቅሯል ስላት ደግሞ፣ «ደኅና አድርገሽ አይተሻል?» ትላለች። ያሰለቸኝ ነበር። ዛሬ መወርወሪያውን ቀርቅሬ ተኛሁ፤ ከዚያ ተነሥቼ እንደገና አየሁት።