«አብራ» ያለችኝ ቀን

ቢሾፍቱ አንድ አበባ እርሻ ውስጥ በኤሌክትሪክ ሠራተኝነት በተቀጠርኩ ሰሞን፣ ጽጌረዳውን የምትከታተል ባለሙያ ከደቡብ አሜሪካ መጣች። የምታወራው ስፓኒሽ ብቻ ነው። አስተርጓሚዋ በታመመ ቀን ከእኔ ጋር ግሪንሃውስ ገባች። ቀትር ነው፤ ሙቀቱ ያፍናል። ወደ ጣሪያው እየጠቆመች «አብራ» አለችኝ።

በጠራራ ፀሐይ መብራት ምን ያደርጋል ብዬ ገረመኝ። ግን ባለሙያዋ እሷ ናት፤ አበራሁ። አይደለም በሚል ራሷን ነቀነቀች። «አብራ» አለች እንደገና፣ ቀስ ብላ፣ ለሕፃን እንደሚነገር። የቀሩትን አምፖሎች በሙሉ አበራሁላት። አበባ የሚቆርጡት ሴቶች ሥራቸውን አቁመው ያዩናል። በመጨረሻ ራሷ ሄዳ መዘውሩን አዞረችና የጣሪያውን ላስቲክ ከፈተችው። ነፋስ ገባ። ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም ሳቀች፤ እኔ አፈርኩ።

እሑድ አዳማ ወላጆቼ ቤት ሄጄ ነገሩን አጫወትኳቸው። አባቴ ሙያውን የተማረው ከአንድ ጣሊያናዊ መካኒክ ነው።

«አፕሪ ብላህ ነዋ» አለኝ። «ሰውዬው ኮፈኑን ክፈት ሲለኝ እንደዚያ ነበር የሚለው።»

«አብራ ነው ያለችው፣ አባዬ።»

አጠገባችን የተቀመጡት ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የፈረንሳይኛ መምህር ናቸው። «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አሉ። «የሁለቱም ቃላት እናት አንዲት የላቲን ግስ ናት፤ አፔሪሬ፣ መክፈት። ጣሊያኖች አፕሪሬ አሏት። ስፔኖችና ፖርቱጋሎች አለስልሰው አብሪር አደረጓት። ፈረንሳዮች ደግሞ ኡቭሪር ብለው እናቷ እንኳ እንዳታውቃት አድርገዋታል።»

ከዚያ እስክሪብቶ አውጥተው የስፓኒሹን እርባታ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ ጻፉልኝ። «እከፍታለሁ» አብሮ ነው፤ «ይከፍታል» አብሬ፤ «ይክፈቱ» ደግሞ ያው የእሷ አብራ። ከአማርኛችን ጋር ተምታቶብኝ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ።

ሰኞ ግሪንሃውስ ስንገባ እሷ ሳትናገር «አብሮ» አልኩና መዘውሩን አዞርኩ። ደንግጣ አየችኝ፤ ከዚያ አጨበጨበች። እኔም ቃሉ በእኛ ቋንቋ ምን እንደሆነ ሁለት ጣቶቼን አጣብቄ አሳየኋት። ወድዳው ቀኑን ሙሉ ሴቶቹን እየዞረች «አብሮ፣ አብሮ» ስትል ዋለች።

አባቴ ይህን ሲሰማ ምሳ ካልጋበዝካት ብሎ ያዘኝ። መጣች። እሱ በዛገ ጣሊያንኛው፣ እሷ በስፓኒሿ፣ ወጡ እስኪቀዘቅዝ አወሩ። መምህሩ ሊያስተረጉሙ ሲሞክሩ ሁለቱም በእጃቸው ዝም አሰኟቸው።

ሸኝቻት ስመለስ «ምን አወራችሁ?» አልኩት።

«ግማሹ ገብቶኛል» አለ አባቴ፣ ደስ ብሎት። «ሌላው ግማሽ ግን እሷም የገባት አይመስለኝም።»