ሰርቪስ ቤት የሚኖር፣ ሰርቪስ የሚነዳ ሰው

አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል እኛ ዘንድ ሲመጣ ሥራ ፈትቶ አይቀመጥም። «ሰርቪስ» የምትባለዋን ብቻ ተመልከቱልኝ! ሠራተኛ የሚያመላልሰው መኪና ሰርቪስ ነው። ከትልቁ ቤት ጀርባ የተደረደሩት ክፍሎችም ሰርቪስ ናቸው። መኪና ዘይት ሲቀየርለት፣ ፍሬኑ ሲታይለት፣ «ሰርቪስ ገባ» ይባላል። ሰው በሥራ ላይ የቆየበት ዘመን፣ ለዚያም ሲሰናበት የሚከፈለው ገንዘብ እንኳ ሳይቀር ሰርቪስ ነው። ይህ ሁሉ ሰርቪስ በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ ተሰብስቦ ያየሁት ግን በጎረቤቴ ነው።

«ጋሼ ሰርቪስ» እንለዋለን። የስፌት ፋብሪካችንን አሮጌ አውቶብስ ይነዳል። እኔም እሱም የምንኖረው በባለፋብሪካው ግቢ፣ ሰርቪስ ቤት ውስጥ ነው፤ እሱ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር፣ እኔ ከግድግዳው ወዲህ። ከሃያ ዓመት በላይ ሰርቪስ አለው። ሚስቱ ከእኔ አጠገብ ኮሌታ ትሰፋለች። ቤታቸውም ጉሮሯቸውም በአንድ ሰው እጅ ነው ማለት ነው። እሱ ግን ይቀልድበታል፦ «ጠዋት ከሰርቪስ ወጥቼ ሰርቪስ እገባለሁ፤ ማታ ከሰርቪስ ወርጄ ሰርቪስ እገባለሁ። ፀሐይ የምታየኝ በመሃል ነው።»

አውቶብሱ ራሱ ሰርቪስ ከገባ ግን ከርሟል። ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ «ይህች ትእዛዝ ትለቅና» ይለዋል።

ጋሼ ሰርቪስ አንድ ልማድ አለው። በየጠዋቱ የሰፈሩን ሠራተኛ ከግቢው ከመጫኑ በፊት በዚያው ተዳፋት ላይ መኪናውን ትንሽ ለቀቅ አድርጎ ፍሬኑን ይሞክራል። «ወርጄ ጎማው ስር ታኮ ካደረግኩ፣ የዚያን ቀን በእግራችሁ ናችሁ» ይለን ነበር። እንሥቅ ነበር።

ያን ዕለት ዝናብ ስለነበር አዘነልንና አስቀድሞ አሳፈረን። ከዚያ ሞከረ። ወርዶ ታኮውን ሲከት በመስኮት አየነው።

«ኧረ ጋሼ! ዛሬ ያኮረፈው አውቶብሱ ነው ወይስ አንተ?» አለ ከኋላ አንዱ ጨርቅ ቆራጭ። «ሰዓት ሄደብን እኮ!»

«ፍሬኑ ሦስቴ ሲረገጥ ነው የሚይዘው። ይሄን ቁልቁለት በዚህ አልወርድም።»

ሚስቱ ከፊት ተቀምጣለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቀስ ብለህ ንዳው እንጂ። ልጆቹን የት ልንወስዳቸው ነው?» አለችው። የምሳ ዕቃዋን እንደ ሕፃን አቅፋለች።

ሥራ አስኪያጁ ጃንጥላውን ይዞ ከተፍ አለ። ነገሩን ሲሰማ ቱግ አለ። «እኔ እነዳዋለሁ! መንጃ ፈቃድ ያለህ አንተ ብቻ ነህ እንዴ?» ገብቶ ተቀመጠ። ረገጠ፤ ፔዳሉ ወለል ነካ። ደገመው፤ ያው ነው። በሦስተኛው ያዘለትና ደስ ብሎት ወደ እኛ ዞረ። «ይኸው! ያዘ አይደል?»

የሸሚዝ ቁልፍ የሚተክሉት እትዬ ከወንበራቸው ተነሡ። «ልጄ፣ ሕፃን ፊትህ ቢገባ፣ ሦስቴ እስክረግጥ ቆይ ልትለው ነው?» አሉትና ሻርፓቸውን ተከናንበው ወረዱ። እኛም ተከተልን፤ ያ ሰዓት ሄደ ባዩ ቆራጭ እንኳ ተጋፍቶን ነው የወረደው። ሚስቱ ብቻ ቀረች። ባዶ መኪና ውስጥ እሷና ሥራ አስኪያጁ። ትንሽ ቆይታ እሷም ወረደች፤ ባሏን ሳታየው ከእኛ ጋር በዝናቡ መንገድ ጀመረች።

ገና ከበሩ ሳንርቅ ሥራ አስኪያጁ ሲጮህበት ሰማን። «ቁልፉን አምጣ! የቤቱንም እስከ እሑድ!»

«የሃያ ዓመት ሰርቪሴስ?»

«እሱን ክሰስና ተቀበል።»

ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ከኮሌታው ቀና አላለችም። እኔም ምን ልበላት? ክሯ ሲያልቅ ክር አቀበልኳት።

ማታ ስንመለስ ከክፍላቸው ኳኳታ ይሰማል። አልጋው እዚያው ውስጥ የተገጠመ ስለሆነ በበሩ አይወጣም፤ ጋሼ ሰርቪስ ተንበርክኮ ይፈታዋል። ልጆቹ ፍራሹ ላይ ተደርድረው ያዩታል። ጨው ልለምን መስዬ ከሚስቱ ኋላ ቆምኩ። በራሴ ቤት ያለው ጨው አልበቃኝም እንበል! እሷ ጫማዋ ውሃ እንደቋጠረ በሩ ላይ ቆማ ብዙ አየችው።

«ብሎኖቹን ጣሳ ውስጥ አድርጋቸው» አለችው በመጨረሻ። «እዚያ የምንሄድበት ደግሞ እንዳንቸገር።»

«የት ነው የምንሄደው?» አላት ቀና ሳይል።

«እኔ ምን አውቃለሁ?» የምሳ ዕቃዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ቆይ፣ ይወድቅብሃል። በዚህ በኩል ልያዝልህ።»