የአማቴን ሙቀት ለብሼ

ይህን ነገር እስካለፈው እሑድ ድረስ ለአንድም ሰው ተናግሬው አላውቅም። ለባለቤቴ አልነገርኩም፤ ለንስሐ አባቴ አልነገርኩም፤ የቤቴን ጓዳ ሁሉ ለምታውቀው ለገበያ ጎረቤቴ እንኳ አልነገርኩም። ኀጢአቱን ሲጠሩት ያስቃል። ትዳር አፈረስኩ፣ አደራ በላሁ የሚል ሰው ቢያንስ አድማጩ አንገቱን ደፍቶ ይሰማዋል። እኔ ግን የአማቴን የውስጥ ልብስ ለበስኩ ብዬ ልናዘዝ ነው። ብትስቁ አልቀየማችሁም። ብቻ ስቃችሁ ስትጨርሱ እስከ መጨረሻው ስሙኝ፤ ነገሩ ልብስ መልበስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ዓመት አፌን ባልያዘኝ ነበር።

ደብረ ብርሃን ገበያ ውስጥ ሰልባጅ እሸጣለሁ። ቦንዳ ተፈትቶ ሲዘረገፍ ሌሎቹ ኮትና ጃኬት ይሻማሉ፤ እኔ ከውስጥ የሚለበሰውን እለቅማለሁ። የኛ ሀገር ሰው ብርድን በጋቢ የሚያሸንፈው ይመስለዋል፤ ብርዱ ግን የሚገባው በወገብና በብብት ነው። ስለዚህ እጅጌ ረጅም ቦዲና ታይት የሚሸጥ ሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ሥራ አይፈታም። እንዴት እንደሚመረጥ ጠይቁኝ። መጀመሪያ ይገለበጣል፤ ስፌቱ ብብትና ጭን ላይ ከወፈረ ይተዋል፣ ቀኑን ሙሉ ሲፈትግ ይውላል። ቀጥሎ በእጅ ጀርባ ይዳሰሳል እንጂ በመዳፍ አይደለም፤ የነጋዴ መዳፍ ምን ይሰማዋል? ይለጠጣል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ካልተመለሰ አርጅቷል። የሚያጣብቀው ደም ይይዛል፣ የሚንዘላዘለው ነፋስ ያስገባል። ዳገት ለሚወጣ ሰው ናይለን አይሰጥም፤ ያልበዋል፣ ላቡ ውስጡ ይቀራል፣ ቆም ሲል ይበርደዋል። ለአሮጊት ቆዳ ደግሞ ከበግ ጠጉር የተሠራው ለስላሳው ነው የሚስማማው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለመኩራራት አይደለም። በኋላ “ሳላውቅ ነው” እንዳልል መንገዱን አስቀድሜ ልዝጋው ብዬ ነው።

አማቴ እማማ ጥሩነሽ የሰላ ድንጋይ ሰው ናቸው፤ የቄስ ባልቴት። ልጃቸው ጌታቸው፣ የኔ ባለቤት፣ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን የሚያሳልፈው ከጣርማ በር ወዲያ ማዶ ነው። ሲያገባኝ እማማ ደስ አላላቸውም። “ልጄ የማንንም አሮጌ የምትቸረችር ሴት ይዞ መጣ፤ ከዚህች ምን ደግ ነገር ይገኛል?” ብለው ለዘመድ ተናግረዋል። ቃሉ ዞሮ ዞሮ ጆሮዬ ገባ። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆንኩ፤ ግን አልረሳሁትም።

አንድ ዓመት ጉልበታቸው ስለደከመ ብቻቸውን ከሚሆኑ እኛ ጋ ይኑሩ ተባለ። ይህን የሰማች ሴት ልጃቸው እመቤት፣ አዲስ አበባ የምትኖረው፣ ለእናቷ ከውስጥ የሚለበስ ሙሉ ልብስ በአውቶቡስ ላከች። እማማ ገና ሳይመጡ ዕቃው በኔ እጅ ገባ። ከፈትኩት። አመድማ፣ አዲስ፣ ከበግ ጠጉር የተሠራ። እንደ ልማዴ ገለበጥኩት፤ ስፌቱ የለም ማለት ይቻላል። በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ያን ያህል ዓመት የሰው ልብስ ስለቅም እንዲህ ያለ ነገር በእጄ አልፎ አያውቅም።

ለአንድ ቀን ልሞክረው አልኩ። ኅዳር ነው፤ ሜዳው ላይ አመዳይ ወርዶ ነጭ ሆኗል። በዚያ ጠዋት ገበያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻዬን ሳልሰበስብ ተቀመጥኩ። በማግስቱም ለበስኩት። እማማ እስኪመጡ አጥቤ አጣጥፌ አስቀምጠዋለሁ አልኩ። እማማ መጡ። አላወለቅሁም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ከሱቄ ሥር የተጣለ አንድ አመድማ ናይለን ነበረኝ፤ ቦዲውም ታይቱም። ደንበኞች እየወሰዱ “ሰውነቴን በላኝ” እያሉ የሚመልሱት። እሱን አጥቤ፣ እመቤት በላከችበት ላስቲክ ጠቅልዬ፣ “ልጅዎ የላከችልዎት ነው” ብዬ ሰጠኋቸው። ተቀብለው ሳሙት። ልጃቸውን መረቁ፤ እግረ መንገዳቸውን እኔንም መረቁኝ። ብርዱ ነው ያስገደደኝ ልበል? ሌላ ልብስ ጠፍቶኝ ነበር ልበል? ልብስ የምሸጥ ሴት ነኝኮ! አይደለም። ያንን ናይለን ስጠቀልል ያ ቃላቸው ትዝ ይለኝ ነበር። “ከዚህች ምን ደግ ነገር ይገኛል?” እስቲ ይዩት፣ አልኩ በልቤ። እንዲህ ብዬ ነው የጠቀለልኩት።

እመቤት ስልክ ደውላ “ተስማማት?” ስትለኝ “እንዴት ያለ ሙቀት መሰለሽ!” አልኳት። ውሸት አልነበረም። ለብሼዋለሁ።

ብዙም ሳይቆይ እማማን ማሳከክ ጀመራቸው። ጎናቸው፣ ክንዳቸው፣ ጀርባቸው ቀላ። ጤና ጣቢያ ቅባት ተሰጣቸው፤ ቅባቱን ተቀብተው ናይለኑን ከላይ ይለብሱታል። ልጃቸው የላከችውን ልብስ እንዴት ይጠርጥሩት? እኔስ አንድ ቃል ብናገር ምን ነበረበት? “እማማ፣ እስቲ ልብሱን ይቀይሩት” ለማለት ደቂቃ አይፈጅም። ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ። ልብሱን ከቀየሩ እመቤት ትሰማለች፣ እመቤት ከሰማች የላከችው ልብስ እንዳልሆነ ታውቃለች እያልኩ ዝም አልኩ።

ቅባቱ አልሠራ ሲል እማማ አንኮበር ጸበል ልሂድ አሉ። ይዣቸው የሄድኩት እኔው ነኝ። ያ ብርድ፣ ያ ውሃ! በቀጭን ቀሚስ ቆመው ሲጠመቁ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ ይሰማኛል። ነጠላቸውን ይዤ ዳር ቆሜያለሁ፤ በውስጤ የሳቸውን ልብስ ለብሻለሁ፤ አልበረደኝም። ወጥተው ሳይደርቁ ያንኑ ናይለን መልሰው ሲለብሱ የረዳኋቸውም እኔ ነኝ። እጅጌውን ያስገባሁላቸው እኔ።

ይህም አልበቃም። በጸበሉም አልሻል ሲላቸው ነገሩን ከራሳቸው ይፈልጉት ጀመር። ምን በድዬ ይሆን እያሉ ሌት ተቀን ያስባሉ። ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ተናዘዙ፤ ቀኖና ተቀበሉ፤ በዚያ ጉልበታቸው መስገድ ጀመሩ። አንድ ቀን ከገበያ ስገባ ነጠላቸውን አደግድገው ቆመው ጠበቁኝ። ቁጭ ሳልል እግሬ ላይ ወደቁ።

“ይቅር በይኝ ልጄ” አሉ። “ከመጣሽ ጀምሮ ጠልቼሽ ነበር። ለሰው አምቼሻለሁ። ይሄው እግዜር ገላዬን እያሳከከ ቀጣኝ።”

ምን ያደርጋል ሰው እንዲህ ሲሆን? ደግ ሰው ቢሆን እዚያው ወድቆ እውነቱን ያወጣዋል። እኔ ግን በክንዳቸው ይዤ አነሣኋቸው። “እግዚአብሔር ይፍታዎ እማማ” አልኩ። እኔ! ልብሳቸውን ለብሼ፣ ሙቀታቸው ገላዬ ላይ እያለ፣ ይቅር አልኳቸው! እኔ ሰረቅሁ፣ እሳቸው ተናዘዙ። እኔ ተበቀልኩ፣ እሳቸው ሰገዱ። ስንት ኀጢአት ሠርቻለሁ፤ የዚያን ቀኑን የሚያህል ግን የለኝም።

በማግስቱ ልብሳቸውን ልጠብ ብዬ ናይለኑን ወስጄ አቃጠልኩት። “ስፌቱ ተተረተረ” ብዬ ጥሩ የጥጥ ልብስ ሰጠኋቸው። ማሳከኩ ወዲያው ተዋቸው። ታዲያ ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ምራቴ ይቅር ስትለኝ ተፈወስኩ ብለው አመኑ። ለጎረቤት ተናገሩ፣ ለማኅበርተኛ ተናገሩ። ሰፈር ውስጥ እንደ ቅዱስ እታይ ጀመር። ከአማቷ የተጣላች ሴት ሁሉ “እንደሷ ሁኚ” ትባል ነበር። እመቤት የላከችው ልብስ ግን ሳጥኔ ሥር ሆነ፤ ከዚያ ወዲያ ገላዬ ላይ ማድረግ አልቻልኩም። መመለስም አልቻልኩም።

ከዚያ ወዲህ እማማ ክፉ ተናግረውኝ አያውቁም። ያበሰልኩትን ሁሉ ያመሰግናሉ፤ ስቆጣ ዝም ይላሉ፤ ልጃቸው ከኔ ጋር ሲጨቃጨቅ ለኔ ይፈርዳሉ። ሰው ይህን ፍቅር ነው ይለዋል። እኔ ግን ዓይናቸውን አይቼ አውቀዋለሁ፤ ፍርሃት ነው። ስለ እኔ ክፉ ካሰቡ ማሳከኩ የሚመለስባቸው ይመስላቸዋል። እንዳይመለስም በየዓመቱ ታኅሣሥ ሲገባ አንኮበር ወርደው በዚያ ብርድ ይጠመቃሉ።

ዘንድሮ ሳል ጸንቶባቸዋል። ሐኪሙ ደረታቸው ደክሟል፣ ቀዝቃዛ ውሃ እንዳይነካቸው ብሏል። ጌታቸውም አይሆንም ብሎ ከለከላቸው። ባለፈው ቅዳሜ ግን የጸበል ቀሚሳቸውን ሲያጣጥፉ ደረስኩባቸው። “ጌታቸው መንገድ ሲወጣ አንቺ ውሰጂኝ” አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። “ይቅር ያልሺኝ አንቺ ነሽና አንቺ ትረጂኛለሽ። ከቀረሁ ይመለስብኛል።” እያሳሉ ነው የሚለምኑኝ። እጄ ላይ ሊሞቱ ነው እኮ! ከኔ ውሸት የተነሣ፣ እኔው ይዣቸው ሄጄ!

በማግስቱ ከቅዳሴ ተመልሰው ግድግዳው ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። “እማማ፣ አንኮበር አይሄዱም” አልኩ። “ያ ማሳከክ ከእግዚአብሔር አልነበረም። ከኔ ነው።” ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው። የአውቶቡሱን ዕቃ፣ ናይለኑን፣ ቂሜን፣ ዳር ቆሜ ነጠላ መያዜን፣ ይቅር ስላቸው ከውስጥ ምን እንደለበስኩ። አንዱንም አላስቀረሁም። አላቋረጡኝም። ስጨርስ መሬት መሬት አዩ።

“እንግዲያ አልተቆጣኝም ነበር?” አሉ።

“ማን እማማ?”

“እሱ ነዋ” አሉ፤ በአገጫቸው ወደ ሰማይ እያመለከቱ።

“አልተቆጣዎትም። ልብሱ ነው ያሳከከዎት።”

ዕንባቸው ወረደ። “ፈርቼው ኖርኩ እኮ” አሉ። “ሳስነጥስ እንኳ፣ ደግሞ ምን አድርጌው ይሆን እል ነበር። ለካ አልተቀየመኝም! እሰይ! እሰይ!” ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወስደው እንደ ልጃገረድ ሳቁ። እኔ አጠገባቸው መኖሬንም የረሱ መሰለኝ። ያን ያህል ዓመት ይህን ደስታ ነበር የቀማኋቸው? ልብሱን ብቻ የሰረቅሁ መስሎኝ ነበር።

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። “ይቅር ይበሉኝ እማማ።”

“ተነሺ” አሉኝ። ሳቃቸው ቆመ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። “ቆይ እስቲ። ይቅርታውን ቆይ። መጀመሪያ ልቆጣ እንጂ! መች ተቆጥቼሽ አውቅና?” ከዚያ ጀመሩ። “ሽሮሽ ጨው ይበዛበታል። ስልክ ስታወሪ ትጮሂያለሽ፣ ጆሮዬን አደነቆርሺው። ልጄ ከመንገድ ደክሞ ሲገባ ነገር ትፈልጊዋለሽ። ይህን ሁሉ ዓመት እግዜርን ፈርቼ ዋጥ አድርጌልሽ ነው! ደግሞ ከዚህች ምን ደግ ነገር ይገኛል ያልኩት ልክ ነበር ማለት ነው!” ሳላቸው እያቋረጣቸው፣ መልሰው እየቀጠሉ፣ ፀሐይዋ ከግድግዳው እስክትሸሽ ድረስ አወረዱብኝ። ቆሜ ሰማሁ። ይገባኛል።

ሰኞ ዕለት ከበግ ጠጉር የተሠራ አዲስ ልብስ ፈልጌ ገዛሁላቸው። ስፌቱን አየሁ፣ በእጄ ጀርባ ዳሰስኩ፣ ለራሴ ከምመርጠው በላይ ተጠነቀቅሁ። ፊት ለፊቴ ገልብጠው፣ በአንገታቸው ላይ ፈትገው ፈትገው፣ እየተሳደቡ ለበሱት። የጸበል ቀሚሱ ሳጥን ገብቷል፤ ሳላቸውም ትንሽ ቀለል ብሏል። ጌታቸው ሲመለስ ራሴ ነገርኩት፤ እስካሁን በወጉ አያናግረኝም። ለእመቤትም ደውያለሁ። ወደ ንስሐ አባቴ የምሄደው በዚህ ሳምንት ነው።

እናንተም ይህን የምታነቡ፣ ቶሎ ይቅር ይበልሽ አትበሉኝ። ብርድ ነው፣ ልጅነት ነው ብላችሁም አታቅልሉልኝ። ይቅር የማለት ተራው የእማማ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ገና አልደረሱበትም። ዛሬ ጠዋት በጓዳ በር ብቅ ብለው ገንፎው ጓጉሏል ብለው ጮሁብኝ። ድምፃቸው ጥርት ያለ ነው፣ ፍርሃት የሚባል የለበትም። በየቀኑ ይቆጡኛል። ዛሬም አልጨረሱም። እኔም አላስቸኩላቸውም።