ባለ ሁለት እግሯ ላም

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ወጣ ሲል ነው። ሰባን ካለፍሁ ወዲህ ትናንት የበላሁትን እረሳለሁ፤ ይችን ግን ብፈልግም አልረሳት። ጎረቤቴ የሺ በየቀኑ ታስታውሰኛለች።

ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ፣ ጣና ዳር ታንኳ ሳስር የኖርሁ ሰው ነኝ። ታንኳ የሚታሰረው ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል ነው፤ ደንገሉ ደግሞ ከዓመት ዓመት ሳሳ። ሰብለ የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምን እየጨረሰው እንደሆነ ልታጠና መጣች። ዳርቻው ላይ ችካል ተክላ በቀይ ሲባጎ ከለለች። «ከዚህ ውስጥ ማንም አይንካብኝ» አለች። ሁላችንም እሺ አልን። ከሁሉም ጮክ ብዬ እሺ ያልሁት እኔ ነበርሁ።

ያ የተከለለ ደንገል እንደ ሙሽራ አማረ። አንድ ማለዳ ማጭዴን ይዤ ስወጣ እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። እንዳይታወቅብኝ ከውኃው በታች ዝቅ አድርጌ አጨድሁ። «ትንሽ ብቻ» አልሁ። በሳምንቱም ትንሽ ብቻ አልሁ።

ከጊዜ በኋላ ሰብለ ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ካለው ዋርካ ሥር ሰበሰበችን። ገበሬው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የንስሐ አባቴ፣ ሦስት ላሞች ያሏት የሺ፣ ሁላችንም ነበርን። የማን ኑሮ ከማን ጋር እንደተያያዘ እንይ ብላ አንድ ረጅም ሲባጎ በእጃችን አዟዟረች። ከዚያ የለካችውን ነገረችን። የተከለለው ደንገል ጎድሏል፤ አጠገቡ የላም ኮቴ አለ። ላሞች ከዳርቻው ይከልከሉ ብላ ልትጽፍ ነው።

የሺ ባሏ ሞቷል፤ ከዚያ ዳርቻ ሌላ ግጦሽ የላትም። «እነሱን ከከለከላችሁ እኔ በምን ልደር?» አለች፤ ድምፅዋ ቀጠነ። ከጎኔ ነበረች። የእጇ መንቀጥቀጥ በሲባጎው በኩል እጄ ላይ ደረሰ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ዋርካውን አየሁ፣ ከዚያ ሰብለን «ልጄ፣ ላም ማጭድ አትይዝም» አልኋት። «እጅሽን ውኃው ውስጥ ከተሽ ቁርጡን ዳብሺው። አጫጁ እኔ ነኝ።»

የንስሐ አባቴ «ታረቀኝ፣ እኔ ዘንድ ስትመጣ እንዲህ አትፈጥንም» አሉኝ።

ሰብለ የወራት ልፋቷ ነውና ፊቷ ጠቆረ። ግን አልተቆጣችኝም። «አባባ፣ ለምን ከዚያ አጨዱ?» አለችኝ።

«ከሌላው አልቋላ።»

ገበሬው መሬት መሬቱን እያየ «ሌላውን የመነጠርሁት እኔ ነኝ። ማሳዬ ላይ ቤት ተሠራበት፤ የት ልዝራ?» አለ። ዓሣ አጥማጁም አዲስ ታንኳ ካላሰርህልኝ እያለ ሲነዘንዘኝ እንደከረመ አመነ።

ሰብለ ወረቀቷን ገለጠች። «ጥያቄዬን ስጽፍ ደንገሉን ምን በላው ብዬ ነበር። ለዚህ ነው የሚበላ ብቻ የፈለግሁ» አለችና ስለ ላሞቹ የጻፈችውን ሰረዘች። ልኬቱንም ከመጀመሪያው ጀመረች። አሁን የእኔ ማጭድ የሚገባበት ሌላ ክልል አለ፤ በየቅዳሜው ያጨድሁትን እየቆጠርሁ እነግራታለሁ።

ዛሬ ሳስበው ከማጨዴ ይልቅ የሚያሳፍረኝ ጉሮሮዬን ስጠርግ የቆየኋት ጊዜ ናት። ሲባጎው ባይንቀጠቀጥ ኖሮ እናገር እንደነበር አላውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሺ ላሞቿን ከዳርቻው ትጠራለች፦ «ዳልቻ፣ ቦራ፣ ወለላ፣ አያ ታረቀኝ!»

እኔም ማጭዴን አንግቤ ከኋላቸው እከተላለሁ።