የማዳም ዝንጉርጉር ሣር

የድሮው ባቡር ገና እየተንቀራፈፈ ጅቡቲ በሚገባበት ዘመን፣ ራስ ዲካ በሚባለው የከተማው ሰፈር አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ተቀጥሬ እኖር ነበር። ግቢው ውስጥ፣ በኒም ዛፉ ጥላ ሥር፣ መሃሉ አረንጓዴ ጠርዙ ነጣ ያለ ሣር መሳይ ቅጠል መሬቱን ሸፍኖታል። አሠሪዬ ማዳም ስሙን «ሊሪዮፕ» ይሉታል፤ ለእኔ ግን ዝንጉርጉር ሣር ነው። የተከሉት ባላቸው ናቸው። እኔ ከመቀጠሬ በፊት ስላረፉ አላውቃቸውም።

ጅቡቲ ላይ እንዲህ ያለ ቅምጥል ቅጠል ማሳደግ ቀልድ አይደለም። የቧንቧው ውሃ ጨው ስላለበት ጫፉን ያሳርረዋል። ስለዚህ ከኤርኮንዲሽነሩ የሚንጠባጠበውን ውሃ በባልዲ እያጠራቀምኩ አጠጣው ነበር። መጀመሪያ እየተነጫነጭኩ ነው፤ በኋላ ግን ሐምራዊ አበባው ብቅ ሲል ከማዳም ቀድሜ ሮጬ የማየው እኔ ሆንኩ። ወደድኩት።

አንድ ሐምሌ ማዳም እንደ ልማዳቸው ሙቀቱን ሸሽተው ወደ ሀገራቸው ሄዱ። ሲወጡ ስለ ቤቱ ምንም አላሉም፤ ሣሩን ብቻ አደራ አሉኝ።

ለእንቁጣጣሽ በየሰው ቤት ከሚሠሩ ሦስት የሀገሬ ልጆች ጋር እኔ ክፍል ልናከብር ተቀጣጠርን። ቄጠማ እንዲያመጣልን የተማመንነው አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ እሱ ደግሞ ድንበር ላይ ተይዞ ቀረ። ዓመት በባዶ ሲሚንቶ ሊለወጥብን ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ከዚያ ዓይኔ ግቢው ላይ አረፈ። ሣር አይደል፣ መልሶ ይበቅላል አልኩና በዋዜማው የወጥ ቤቱን ቢላ ይዤ ከዳር እስከ ዳር ላጨሁት። እውነቱን ልናገር፣ ወለሉ ላይ ስንጎዘጉዘው እንደዚያ ያማረ ቄጠማ አይቼ አላውቅም።

በበዓሉ ቀን እየዘፈንን ስናጨበጭብ፣ ማዳም በሩ ላይ ቆመዋል። ከቀጠሯቸው ሳምንት ቀድመው መጥተዋል። ወለሉን አዩ፣ ዞረው ግቢውን አዩ፣ ክፍላቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

ሁለት ቀን አላናገሩኝም። እኔም የተመለጠውን መሬት እያየሁ አለቀስኩ። እንጀራዬ ተዘጋ ብዬ ብቻ አይደለም፤ የሟች እጅ የተከለውን፣ ያውም በአደራ የተሰጠኝን፣ ቆርጬ በእግሬ ረገጥኩት። በሦስተኛው ቀን ልብሴን ሸክፌ ይቅርታ ልጠይቅ ገባሁ። በተሰባበረ ፈረንሳይኛዬ ለበዓል ቄጠማ እንደምንጎዘጉዝ፣ ያለ እሱ በዓሉ በዓል እንደማይመስለን አስረዳኋቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ፣ ባላቸው በየዓመቱ እስከ ሥሩ ይከረክሙት እንደነበር ነገሩኝ። ካልተከረከመ አዲሱ ቅጠል በአሮጌው ይታፈናል። እሳቸው ከሞቱ ወዲህ ግን ማዳም መቀስ ሊያስጠጉበት አልቻሉም።

«እኔ ሦስት ዓመት ያልደፈርኩትን አንቺ በአንድ ቀን ጨረስሽው» አሉኝ። እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ አልለየሁም።

ልብሴን መልሼ ፈታሁ። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ቅጠሉ አቆጠቆጠ፤ ሦስት አራት ሥር ግን እንደ ደረቀ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ማዳም ትኬት ከመቁረጣቸው በፊት እንቁጣጣሽ መቼ እንደሚውል ጠየቁኝ። ለዋዜማው ደረሱ። ሻንጣቸውን እንኳ ሳይፈቱ ኒሙ ሥር ተንበርክከው፣ የመጀመሪያውን እቅፍ በገዛ እጃቸው ቆርጠው ሰጡኝ።